የፍርድ ቤት ማዘዣ መጠየቅ ግራ ዘመምነት አይደለም

በቅርቡ ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ በአሜሪካ የዜጎችን ነፃነት ማስከበር የዴሞክራቶች ሥራ ብቻ አስመስሎታል። አልስማማም። እኔ ለዘብተኛ ወግ አጥባቂ ነኝ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሪፐብሊካን ነው የምመርጠው። መንግሥት ኪሴ ውስጥ እንዳይገባ የምፈልገውን ያህል ስልኬ ውስጥም እንዲገባ አልፈልግም።

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ለአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አንድ የስለላ ሕግ ማሻሻያ ቀርቦለት ነበር። የፌዴራል ምርመራ ቢሮው ኤፍቢአይ በውጭ አገር ሰዎች ላይ በሚደረግ ስለላ ከተሰበሰበው መረጃ ውስጥ የአሜሪካውያንን መልእክት ከመፈለጉ በፊት የፍርድ ቤት ማዘዣ ያውጣ የሚል ነው። 212 ለ212 እኩል ወጣና ወደቀ። አንዲት ድምፅ እኮ ናት የጎደለችው! ከደጋፊዎቹ 128ቱ ሪፐብሊካን፣ 84ቱ ዴሞክራት ነበሩ። ከኛው ወገን ግን 86 ሰዎች ተቃወሙ። ይሄ በጣም አሳዝኖኛል። በሚቀጥለው ምርጫ የወረዳዬን እጩ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።