ማስተካከያ፦ ዊንዶውስን በግረብ ማውጫ ላይ ስለማስገባት

ቀደም ሲል ባወጣነው መመሪያ፣ ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን (ሁለቱም የሊኑክስ ዓይነቶች ናቸው) ከዊንዶውስ ጎን ከጫኑ በኋላ «ሱዶ አፕዴት-ግረብ» የሚለውን ትእዛዝ ማስኬድ ብቻ ዊንዶውስን በግረብ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሲስተም በሚያስመርጠው ፕሮግራም) ማውጫ ላይ ያመጣዋል ብለን ነበር። ይህ ለአሮጌዎቹ እትሞች እንጂ ለአሁኖቹ አይሠራም። ተከትለውት ዊንዶውስ የጠፋባቸውን አንባቢዎች ይቅርታ እንጠይቃለን። ዊንዶውሱ ዲስኩ ላይ አለ፤ ማውጫው ስላላየው ብቻ ዊንዶውሱ ያለበትን የዲስክ ክፍልፋይ እንዳታጠፉ።

በ2021 ከወጣው ግረብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን የሚፈልገው ኦኤስ-ፕሮበር ለደኅንነት ሲባል በነባሪነት ተዘግቷል። ለመክፈት በ«ኢቲሲ» ማህደር፣ «ዲፎልት» ውስጥ ያለውን «ግረብ» የተባለ ፋይል በሱዶ (በአስተዳዳሪ ፈቃድ) ክፈቱ። ግረብ፣ ዲሴብል፣ ኦኤስ እና ፕሮበር የሚሉት ቃላት በትልልቅ የላቲን ፊደላት፣ በታችኛው ሰረዝ ተያይዘው የተጻፉበትን መስመር ፈልጉ። ከፊቱ ያለውን የ# ምልክት አጥፉና ዋጋውን «ፎልስ» አድርጉት። መስመሩ ከሌለ ራሳችሁ ጨምሩት። በ= ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ አትተዉ፤ ፋይሉ የሚነበበው እንደ ሼል ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ስለሆነ አንዲት ክፍት ቦታ ስህተት ታስከትላለች። አስቀምጡና አፕዴት-ግረብን አስኪዱ። «ፋውንድ ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር» የሚል መስመር ካያችሁ ተሳክቷል።

ካልታየስ? አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ሲስተሞች አንዱ በዩኢኤፍአይ (በአዲሱ የኮምፒውተር ማስነሻ ሁነታ)፣ ሌላው በሌጋሲ ባዮስ (በአሮጌው) ተጭኖ ነው። ሊኑክስ ላይ «ሲስ» ውስጥ፣ «ፈርምዌር» ሥር «ኢኤፍአይ» የሚል ማህደር ካለ የተነሳው በዩኢኤፍአይ ነው። ሁነታዎቹ ከተለያዩ ይህ ማስተካከያ አይረዳም፤ ሊኑክሱን ዊንዶውስ በተጫነበት ሁነታ እንደገና መጫን ይሻላል።