ኢያቄምና ሐናን ከየት አገኘናቸው?

ታኅሣሥ 3፣ ማርያም ቤተ መቅደስ የገባችበት የበዓታ ለት፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አንድ ወዳጃችን ቤት ጠበል ጻዲቅ ተጠርተን ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ሲቀዳ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጅ ነገር አነሣ።

«የኔታ፣ ወንጌል ድሮ ብዙ ነበር ይባላል። ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ ኒቅያ ላይ ጳጳሳቱን ሰብስቦ የሚስማማውን አራቱን አስመረጠና ሌላውን አስቃጠለ።»

መሪጌታ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ማን ነገረህ ልጄ? ሠለስቱ ምዕት፣ የኒቅያ ጳጳሳት፣ የተሰበሰቡት ወልድ ፍጡር ነው ባለው በአርዮስ ምክንያት ነው። ወንጌልማ ያኔ አራት መሆኑ የታወቀ ነው። ሄሬኔዎስ የሚባለው ጳጳስ እኮ ከኒቅያ በፊት 140 ዓመት ያህል ቀድሞ ‹እንደ አራቱ ነፋሳት አራት ነው› ብሎ ጽፏል።»

«ታዲያ በ1945 እ.ኤ.አ. ግብፅ፣ ናግ ሐማዲ፣ ማሰሮ ውስጥ የተገኘው የቶማስ ወንጌልስ? ካልተፈራ ለምን ተቀበረ?»

ከጎኔ የነበረችው ነርስ ገባችበት። «እኔ አንብቤዋለሁ። 114 አባባል ነው። ስቅለት የለበት፣ ትንሣኤ የለበት። አንዳንዱ ቃል ከማቴዎስ ጋር አንድ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ግን ደብቀውን ኖሩ የምትለው ነገር አልታየኝም።»

መሪጌታ በዚህ ቢያበቁ ጥሩ ነበር። «ከአራቱ ውጭ ያለው ሁሉ የመናፍቃን ልብ ወለድ ነው፤ አባቶቻችን ገና ሲጻፍ ጀምሮ ለይተው ጥለውታል» ብለው ደመደሙ።

ይኼኔ ቡና የምትቀዳው የቤቱ እመቤት ጀበናውን እንደያዘች ቀና አለች። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ዛሬ ያከበርነው ከየትኛው ወንጌል ነው? የእመቤታችን ወላጆች ኢያቄምና ሐና የሚል ከአራቱ በየትኛው አለ?»

ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሥዕል ሁላችንም አየን። ትንሿ ማርያም በቤተ መቅደስ፣ መልአኩ ፋኑኤል ኅብስትና ጽዋ ይዞ። «እሱ ትውፊት ነው» አሉ መሪጌታ። «ትውፊቱስ መጀመሪያ የት ተጽፎ ተገኘ?» አለች። መልስ ሳይሰጥ ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

እኔ ግን ይህን ነገር እንዲህ ማለፍ አልሆነልኝም። ልጁ ስለ ኒቅያ ተሳስቷል። በግሪክ የቆዩልን የጉባኤው 20 ቀኖናዎች አንዳቸውም የቅዱሳት መጻሕፍትን ዝርዝር አያነሱም። ዛሬ የምናውቃቸውን 27ቱን የአዲስ ኪዳን መጻሕፍት ለይቶ የጻፈው፣ ለእኛ አባ ሰላማን የሾመልን የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ እሱም በ367 እ.ኤ.አ.፣ በፋሲካ መልእክቱ፣ ከኒቅያ 42 ዓመት በኋላ።

ግን መሪጌታም ተሳስተዋል፤ በአንድ ጊዜ የተለየ ነገር አልነበረም። በ200 ዓ.ም ግድም የአንጾኪያ ጳጳስ የነበረውን ሰራፕዮንን እዩ። ሮሶስ የምትባል ከተማ ሲሄድ ምእመናኑ በጴጥሮስ ስም የተጻፈ ወንጌል ይነበብ አይነበብ ብለው ተጣልተው አገኛቸው። መጽሐፉን ሳይመረምር፣ ጠባችሁ ይህ ብቻ ከሆነ ይነበብ ብሎ ፈቀደ። ኋላ አንባቢዎቹ ወደ ኑፋቄ እያዘነበሉ መሆኑን ሲሰማ መጽሐፉን ተውሶ አነበበ፤ አብዛኛው ከእውነተኛው ትምህርት ጋር ይስማማል፣ የተጨመረበት ግን አለ ብሎ ጻፈላቸው። ተሳስቼ ነበር ለማለት ያላፈረ ጳጳስ ነው፤ በዚህ እወደዋለሁ። ያን ወንጌል ዛሬ ሙሉውን ማንበብ አንችልም፤ በ1880ዎቹ ግብፅ፣ አክሚም፣ ከአንድ መነኩሴ መቃብር የወጣ ቁራጭ ነው የቀረን። ያ ያሳዝነኛል። ሰራፕዮን የትኛውን ቃል አይቶ እንደደነገጠ ራሴ ባየው እወድ ነበር።

አራቱ የጸኑት አንድ ንጉሥ ስለፈለገ አይደለም። ቀድመው ስለተጻፉና ከሮም እስከ እስክንድርያ በየቤተ ክርስቲያኑ ስለተነበቡ ነው። ከዝርዝሩ ውጭ የቀረው ግን ሁሉም አልተቃጠለም። በሁለተኛው መቶ ዘመን በግሪክ የተጻፈውና በያዕቆብ ስም የሚጠራው መጽሐፍ ኢያቄምንና ሐናን በስም ይጠራል፤ ልጅቱ በ3 ዓመቷ ቤተ መቅደስ እንደገባችና ከመልአክ እጅ እንደተመገበች ይተርካል። ከወንጌል ጋር አልተቆጠረም። እኛ ግን ሳንቆጥረው ማኅሌት ቆመንለታል፤ ጠበል ጻዲቅ ቀምሰንለታል።

ስለዚህ እኔ የምፈርደው ለቡና ቀጂዋ ነው። መሪጌታ ያን ሁሉ ልብ ወለድ ብለው ሲጥሉት፣ ሥዕሉ ከራሳቸው በላይ ተሰቅሎ ነበር።