በሌሊት ለሚሠራው የነዳጅ ትነት መፈተሻ ፓምፕ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የትነት መፈተሻ ፓምፕ
ከመኪናው ኋላ፣ ነዳጅ ታንኩ አጠገብ
ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ የነዳጅ ትነት የሚያፈስ ሽንቁር ለመፈለግ በውድቅት ሌሊት ስለሚያከናውኑት ፍተሻ

ክቡር ሆይ፣

ለሥራ ያለዎት ትጋት በብሎካችን የታወቀ ነው። እኔ ከምሽቱ 2 ሰዓት መኪናዬን አቁሜ ቁልፉን ስነቅል፣ እርስዎ ነዳጁ በርዶ ትነቱ እስኪረጋ 5 ሰዓት ያህል በትዕግሥት ይጠብቁና ልክ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያዝዝዎት፣ የትርፍ ሰዓት ክፍያም ሳይጠይቁ፣ «እዝዝዝ» ብለው ሥራ ይጀምራሉ። በአገራችን ሁሉም ከሥራ ከወጣ በኋላ ሥራ የሚገባ ባልደረባ ብርቅ ስለሆነ ምስጋናችን ከልብ ነው። ቅሬታችን ሰዓቱ ላይ ነው።

የግቢያችን ጥበቃ በቀደም ሌሊት ዱላውን እንደያዘ ከኋላ ጎማው ሥር ተንበርክኮ፣ ባትሪ እያበራ ጆሮውን ሲደቅን ካመሸ በኋላ በሬን አንኳኩቶ «ጋሼ፣ መኪናው ብቻውን ያጉረመርማል፤ ጠበል ይወሰድ እንዴ?» ብሎ ጠይቆኛል። የመመሪያ መጽሐፉ ሞተሩ ከጠፋ ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላ ከሥር ለጥቂት ደቂቃዎች ድምፅ ቢሰማ ብልሽት አለመሆኑን ቢናገርም፣ አንብቤለት ያሳመንሁት ሰው የለም። ጋራዥ ውስጥ አንዱ ኩሽኔታ ነው አለ፤ ሌላው ማርሚታ ነው አለ (የቆመ መኪና ኩሽኔታው በምን ይጮሃል?)፤ ሦስተኛው ግን እርስዎን ነቅሎ ለመጣል፣ የቼክ ኢንጅን መብራት ከበራም አምፖሉን አብሮ ለመንቀል ቃል ገብቶልኛል።

እኔ አልተስማማሁም፤ ሥራዎን አከብራለሁና። በመጀመሪያ በራስዎ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቀዳዳ አየር ስበው ልኩን ይይዛሉ፤ ከዚያም ታንኩንና ትነቱን የሚውጠውን የከሰል ሳጥን ስበው ከልኩ ጋር ያመሳክራሉ፤ ከዚያች ቀዳዳ የሚሰፋ ሽንቁር ካለ ጠዋት በመብራት ያሳብቁብናል። ይህን ጥንቃቄ ያመጣው እ.ኤ.አ. ከ2000 ሞዴሎች ጀምሮ ቀስ በቀስ ሥራ ላይ የዋለው የካሊፎርኒያ ደንብ ነው። እኛ ሰፈር ግን ቤንዚን በጠፋ ጊዜ ክዳኑ በላላ ጀሪካን ይዞራል፤ ቀን ላይ አቀበቱን የሚወጣው ገልባጭ መኪናም ጭሱን እየለቀቀ የተሰጣ ልብስ ያጠቁራል። በዚህ ሁሉ መካከል የእኔን ታንክ ለመርፌ ቀዳዳ በየሌሊቱ መመርመርዎ፣ ጣሪያው በተነሳ ቤት የቁልፍ ቀዳዳ እንደ መወተፍ ነው።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ እናቀርባለን። በ5ኛው ሰዓት ሞተሩ ገና ሙቅ ከሆነ ፍተሻውን ሞተሩ ከጠፋ 7 ሰዓት እስኪሞላው፣ እሱም ካልሆነ 9 ሰዓት ተኩል እስኪሞላው የማስተላለፍ ሥልጣን እንዳለዎት ተረድተናል። የመጨረሻውን ቢመርጡልን ንጋት 11፡30 ላይ ይውላል፤ በዚያ ሰዓት የታክሲ ረዳቶቹ «መገናኛ! መገናኛ!» ማለት ስለሚጀምሩ የእርስዎን ድምፅ ማንም አይሰማም። እርግጥ የአራብሳ ብርድ ሞተሩን ቶሎ ስለሚያቀዘቅዝ ይህ ዕድል እስካሁን አልገጠመንም፤ ማታ በፎጣ ልሸፍነው እያሰብሁ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ሞተር ሲነሳ ከኮፈኑ ሥር «ቀጭ፣ ቀጭ» እያሉ የከሰሉን ትነት ወደ ሞተር ለሚልኩት ለክቡር ቫልቭ፤ የእርስዎም ፋይል ተከፍቷል።