ሴት አሽከርካሪዎችን በውጤታቸው እንመዝናቸው

በመኪና ውድድር ዜና አንዲት ሴት አሽከርካሪ ስትነሳ፣ ስንተኛ እንደወጣች ከመነገሩ በፊት ሴትነቷ፣ መልኳና «ታሪክ ልትሠራ» መሆኗ ይነገራል። ይህ ሁሉ ሙገሳ ለአሽከርካሪዎቹ የቆመ ይመስላል፤ እኔ ግን ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል ባይ ነኝ። ለደካማው ውጤት ሰበብ ሲሆን፣ ድንቅ የሆነውን ሥራ ደግሞ ከአንባቢ ዓይን ይሰውራል።

ሴትን ስፖርተኛ በሥራዋ መመዘን ለእኛ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። ትዕግስት አሰፋ በ2023 እ.ኤ.አ. የበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሴኮንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ድሬዳዋም ሆነ አዲስ አበባ ያለው ተመልካች በመገረም ያወራው ስለ ሰዓቱ ነበር። በሞተር ስፖርት ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ውጤቱ የአሽከርካሪዋ ብቻ ሳይሆን የመኪናውና የቡድኑም ጭምር ነው። ቢሆንም አንድ ጥሩ መመዘኛ አለ፦ ያንኑ መኪና ይዞ የሚወዳደረው የቡድን አጋሯ።

በዚህ መመዘኛ ፈረንሳዊቷን የራሊ (በተራ መንገዶች ላይ በሰዓት የሚደረግ የመኪና ውድድር) አሽከርካሪ ሚሼል ሙቶንን እንያት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሙቶን በ1981 በጣሊያን የሳንሬሞን ራሊ በማሸነፍ በዓለም ሻምፒዮና ውድድር ድል ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1982 ደግሞ አውዲ ኳትሮ በተባለው መኪና፣ መንገድ ከምትመራት ከፋብሪዚያ ፖንስ ጋር፣ በፖርቱጋል፣ በግሪክና በብራዚል ሦስት ራሊዎችን አሸነፈች። የዚያ ዓመት ሻምፒዮን ጀርመናዊው ዋልተር ሮርል ያሸነፈው ሁለት ብቻ ነው፤ የበለጣት እሱ በአብዛኛው ውድድሩን እየጨረሰ ነጥብ ሲሰበስብ፣ እሷ በብልሽትና በአደጋ ምክንያት በርካታ ውድድሮችን ሳትጨርስ ስለቀረች ነው። ወሳኙ የኮትዲቯር ራሊ ሊጀመር ሲል አባቷ አረፉ፤ የሙቶን ታሪክ በተነሳ ቁጥር ጸሐፊዎች የሚያተኩሩት እዚህ ሐዘን ላይ ነው። ሐዘኑ መነገሩን አልቃወምም። ነገር ግን በዚያው ዓመት በዚያው ኳትሮ ይወዳደር የነበረው ፊንላንዳዊው ሐኑ ሚኮላ ከእሷ በታች ሦስተኛ መውጣቱ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑ ለምን አብሮ አይነገርም? የሙቶንን ችሎታ ከዚህ በላይ የሚመሰክር ነገር አላውቅም።

የአሜሪካዊቷ የዳኒካ ፓትሪክ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ኢንዲያናፖሊስ 500 በተባለው ዝነኛ የአሜሪካ የመኪና ውድድር በ2005 አራተኛ ወጣች። አሸናፊው ዳን ዌልደን ሆኖ ሳለ፣ የስፖርትስ ኢለስትሬትድ መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣችው እሷ ነበረች። በወቅቱ ከተጻፈው አብዛኛው ስለ ቁመናዋና ስለ ዝናዋ ሲሆን፣ ውድድሩ ራሱ ግን ከዚያ የሚበልጥ ቁም ነገር ነበረው። ነዳጅ ሞልታ ስትነሳ ሞተሩ ጠፍቶባት ወደ ኋላ ቀረች፤ በኋላም መኪናዋ ዞሮባት የፊት ክንፉ ተሰበረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሌሎቹ ነዳጅ ለመሙላት ሲገቡ እሷ ሳትገባ ወደ ፊት ወጣች፤ በድምሩም 19 ዙር መራች። በመጨረሻዎቹ ዙሮች ግን ያላት ነዳጅ እንዲያደርሳት እየቆጠበች መንዳት ስለነበረባት ዌልደንና ሌሎች ሁለት አሽከርካሪዎች አለፏት። ኢንዲካር በሚባለው የአሜሪካ ሻምፒዮና በ2008 በጃፓን ሞቴጊ ያገኘችው ብቸኛ ድልም በዚሁ በነዳጅ ስሌት የተገኘ ነው፤ ይህም ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ናስካር ወደሚባለው ሌላ የአሜሪካ የመኪና ውድድር ተሻግራ በዋናው ሻምፒዮና በ191 ውድድሮች ስትሰለፍ ግን አንድም አላሸነፈችም፤ እስከ አሥረኛ ባለው ደረጃ የጨረሰችውም 7 ጊዜ ብቻ ነው፤ የቡድን አጋሯ ኬቨን ሃርቪክ ግን በ2014 ሻምፒዮን ሆነ። ሚዛናዊ ጸሐፊ ሁለቱንም ይጽፋል። ከልክ በላይ ስለተጮኸላት፣ ጩኸቱ የሰለቸው ሰው በ2009 በኢንዲያናፖሊስ ያገኘችውን ሦስተኛ ደረጃ እንኳ ከቁም ነገር አይቆጥርላትም።

ይህ ችግር በእኛም አካባቢ ይታያል። በድሬዳዋ ባጃጅ ወይም የጭነት መኪና የምትነዳ ሴት ለቃለ መጠይቅ ስትቀርብ መጀመሪያ የምትጠየቀው እንዴት እንደደፈረች፣ ቤተሰቧም ምን እንዳለ ነው። ጭነት ይዞ ከደንገጎ ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ግን ሌላ ነገር መስማት ይፈልጋል፦ ፍሬኑ እንዳይግል በስንተኛ ማርሽ ትወርዳለች? ከባድ መኪና ከፊቷ ሲገጥማት ኩርባውን እንዴት ትይዘዋለች? እንዲህ ተብላ ብትጠየቅ የሙያ ሰው መሆኗን ለማሳየት ሌላ መግቢያ ባላስፈለገ ነበር።

አሁን ትልቁ ጩኸት ያለው በ2023 በተጀመረው፣ ለሴቶች ብቻ በሆነው ኤፍ 1 አካዳሚ ዙሪያ ነው። ውድድሩ ከፎርሙላ 1 (የዚህ ዓይነት ውድድር ከፍተኛው እርከን) ጋር በአንድ ቦታ ይካሄዳል፤ ከ2024 ጀምሮም የፎርሙላ 1 ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንድ አሽከርካሪ ይደግፋሉ። ዜናው ይህን አጉልቶ ሲያወራ፣ መኪናዎቹ የፎርሙላ 4 ደረጃ መሆናቸውንና ከዚያ በላይ ፎርሙላ 3ና ፎርሙላ 2 የሚባሉ ሁለት እርከኖች መኖራቸውን ይዘነጋዋል። ከዚህ በፊት የነበረውን ደብልዩ ሲሪስ የተባለ የሴቶች ውድድር ጄሚ ቻድዊክ ሦስት ጊዜ አሸንፋለች፤ ሆኖም ቀጣዩ ወንበሯ የተገኘው በፎርሙላ 3 ሳይሆን ከኢንዲካር አንድ እርከን ዝቅ በሚለው በአሜሪካው ኢንዲ ኤንኤክስቲ ነው። ደብልዩ ሲሪስ ራሱ በ2022 ገንዘብ አጥሮት የመጨረሻዎቹን ውድድሮች ሰርዞ ቆመ። ጣሊያናዊቷ ሌላ (Lella) ሎምባርዲ በ1975 በስፔን ስድስተኛ ወጥታ፣ ውድድሩ በአደጋ ምክንያት በመቋረጡ ካገኘችው ግማሽ ነጥብ በቀር አንዲትም ሴት በፎርሙላ 1 የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ አላስመዘገበችም፤ ከ1976 ወዲህ ደግሞ በዋናው ውድድር መነሻ መስመር ላይ የቆመች ሴት የለችም። ስለዚህ ስለ አካዳሚው የሚዘግብ ጋዜጠኛ ስለ መኪናዎቹ ቀለምና ስለ ስፖንሰሮቹ ከመጻፉ አስቀድሞ፣ ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች ዛሬ በየትኛው እርከን፣ በማን ገንዘብ እንደሚወዳደሩና ከቡድን አጋሮቻቸው በስንት ሴኮንድ እንደሚቀድሙ ወይም እንደሚዘገዩ ይንገረን።