ዘፋኙ ስለ እምነቱ ሲያወራ እንስማው

ድምፃዊ ሙሉቀን መለሰ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ሲያርፍ ፌስቡኩም ዩቲዩቡም በዘፈኖቹ ተጥለቀለቀ። ሁሉም የሚወዳትን እየመረጠ ለጠፈ፣ እኔም ለጥፌያለሁ። ከዳህላክ ባንድ ጋር የሠራቸውን ሰምቶ ልቡ የማይሸፍት ማን አለ? ግን በዚያ ሁሉ ሐዘን መሀል የሰውየው ትልቁ ዕድሜ በአንድ መስመር ታለፈ። «በኋላ መንፈሳዊ ሆነ» ተባለ፣ አለቀ። ሙሉቀን እኮ ዘፈን ያቆመው በ1970ዎቹ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 40 ዓመት ገደማ ኖሯል፣ ዘምሯል፣ ስለ ጌታው መስክሯል። ከዘፈነበት ዘመን ያመነበት ዘመን ይበልጣል።

ይሄ ነገር ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በሕይወት ያሉትንም ስናገኛቸው እንዲሁ ነን።

አንድ ጊዜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሐበሻ በሚበዛበት ካፌ አንድ የድሮ ዘፋኝ ጋር የመቀመጥ ዕድል ገጠመኝ። ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር የገባ ሰው ነው፣ ስሙን አልጠራም። ማኪያቶው እየቀዘቀዘ እንዴት እንዳመነ ይነግረኛል። ሌሊት መተኛት ያቃተውን ጊዜ፣ ክለብ ሠርቶ ሲወጣ የሚሰማውን ባዶነት፣ አንዲት ጎረቤቱ ቤቱ ድረስ እየመጣች የጸለየችለትን። ጣቶቹ ጠረጴዛው ላይ ዜማ ይመታሉ፣ እሱ ራሱ ያወቀው አይመስለኝም። መሀል ላይ ሁለት ልጆች መጡና «ጋሼ፣ ፎቶ እንነሳ» አሉት። ደስ ብሎት ተነሳ። ከዚያ ስልኩን ቪዲዮ ላይ አድርገው «ጋሽዬ፣ ያቺን ዘፈን ትንሽ፣ ለኛ ብለህ!» «የኔ ልጅ፣ እሷን ትቻታለሁ» አላቸው፣ በፈገግታ። እነሱ ግን አልተዉትም፤ ለመኑት፣ ራሳቸው ጀመሩለት። ሲሄዱ ወሬያችን ተቆርጦ ቀረ። ሰውየው ያን ያህል ታሪክ ይዞ ተቀምጦ፣ የተፈለገው ሠላሳ ሰከንድ ነው።

ልጆቹ ክፉ አይደሉም። ወደውት ነው። ብዙ ሰው እንደሚለው «እኔ የወደድኩት ድምፁን ነው፣ ሃይማኖቱ ምን አገባኝ» ነው ነገሩ። ይሄ አባባል ግን አይዋጥልኝም። ሙሉቀን ያመነበትን ጊዜ አስቡት። ደርግ ነው። ብዙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተዘግተዋል፣ ምእመኑ በየቤቱ ተደብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚዘምረው። ጴንጤ መባል ከሥራ ያስባርራል፣ ያሳስራል። አገር ምድሩ የሚያውቀው ድምፃዊ በዚያ ዘመን ተነስቶ «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ለጌታ ነው» ሲል እንጀራውን ነው ያስቀመጠው፣ ስሙን ነው ያስቀመጠው። በዚያ ድምፅ ውስጥ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ ምን ይነግረናል? ከፖሊስ ኦርኬስትራ የወጣችው ሂሩት በቀለም ዘፈኑን ትታ መዘመርን መርጣለች፤ በ2015 ስታርፍ ግን የተለቀቀው ያው ዘፈኗ ነበር።

የአማኙ ወገንም ከዚህ ነጻ አይደለም። የድሮውን ዘፋኝ መድረክ ላይ አውጥቶ፣ ያ ሁሉ ሥራህ የሰይጣን ነበር በል፣ ብሎ የሚያስጨንቅ አለ። ሰው ዋንጫ አይደለም። በራሱ ቃል፣ በራሱ ልክ ይናገር።

ፒያኒስቷን መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ደግሞ ተመልከቱ። በወጣትነታቸው ግሸን ማርያም ገብተው ወደ አሥር ዓመት ኖረዋል። ኋላም ኢየሩሳሌም፣ ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ገዳም፣ ፒያኖ ባለባት ጠባብ ክፍላቸው እስከ ዕረፍታቸው ድረስ ነበሩ፤ በ2015 በ99 ዓመታቸው ነው ያረፉት። እሳቸው ሙዚቃውን አልተዉም፤ ገቢውን ለድሆች ሕፃናት ሰጡት እንጂ። ከዓለም ዙሪያ እየመጣ ያንን በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ መነኩሴዋንና ፒያኒስቷን ለይቶ ማግኘት አልቻለም። ቆባቸውን አውልቀው ይጫወቱልን ያለ አልሰማሁም። ታዲያ ለመነኩሴዋ የሰጠነውን ክብር ለጴንጤው ዘፋኝ የምንነፍገው ለምንድን ነው? እኔ ራሴ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሙሉቀን የሄደበትን መንገድ አልሄድኩበትም። ግን አንድ ሰው ሕይወቱን የቀየረለትን ነገር ሲነግርህ መስማት እምነት አያስቀይርም።

የዚያ ዘመን ድምፃውያን እየተመናመኑ ነው። ያሉትን በሠርግ፣ በለቅሶ ቤት፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀር እናገኛቸዋለን። ፎቶውን ተነሱ፣ ዘፈንህን እወደዋለሁ በሉት፣ ደስ ይለዋል። ከዚያ ስልኩን ኪሳችሁ ከትታችሁ ማን እንደጸለየለት፣ የመጨረሻዋን ሌሊት የት እንደዘፈነ፣ በማግስቱ ምን በልቶ እንዳደረ፣ የባንዱ ጓደኞቹ ምን እንዳሉት ጠይቁት።