ይድረስ ለክቡር የዘይት ፊልትሮ፣ ባሉበት (ማለትም እዚያው)

ጉዳዩ፦ ወንበር እንዲለቁ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እዚህ መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ በክንዴ ወደ ብብቴ የሚወርደውን ጥቁር ዘይት እየጠረግሁ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ።

የሥራ ዘመንዎ አብቅቷል። አሮጌው ዘይት እንኳ ብሎኑ ሲፈታለት ያለ አንዳች ጭቅጭቅ ወጥቶ ሄዷል። እርስዎ ግን ንቅንቅ የለም! ወንበሩ ላይ የተወለዱ ነው የሚመስሉት።

መጀመሪያ በትህትና ነው የጠየቅሁዎት። ጎሚኒዎ (ከሞተሩ ጋር ሲገጥሙ ዘይት እንዳያመልጥ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ትንሽ ይለሰልስ እንደሆነ ብዬ ሞተሩን ለብ አደረግሁት፤ ለብ ነው ያልኩት፣ የፈላ ዘይት እጅ ላይ ሲፈስ ቀልድ የለውም። ገላዎን በጨርቅ ጠርጌ ወዙን አስለቀቅሁ። እጄ እንዳያዳልጠኝ በብርጭቆ ወረቀት ጠቅልዬ ጨበጥሁዎት። ወደ ግራ። (ከሥር ሆኖ ፊት ለፊት ለሚያይዎትም ወደ ግራ ነው። ተንጋሎ የተኛ ሰው አቅጣጫ ይጠፋበታልና፣ እያላላ መስሎት ሲያጠብቅዎት የሚውል ሞልቷል፤ ያኔ እርስዎ በሆድዎ ይስቃሉ።)

እምቢ ስላሉ ጉዳዩ ወደ መሣሪያ ተሸጋገረ።

ባለ ቀበቶው መፍቻ ጨዋ ነው፣ ግን ዘይት ከነካው ሙልጭ ይላል። ባለ ሰንሰለቱ ይነክሳል፤ ችግሩ ዙሪያዎን ለመጠምጠም ቦታ ይፈልጋል፣ እርስዎን የጭስ ማውጫ ቱቦ ጥግ የሸጎጠዎት መሐንዲስ ደግሞ የሰው ልጅ እጅ እንዳለው የሰማ አይመስልም። ኩባያ መሳዩ፣ አናትዎ ላይ የሚደፋው፣ ልክዎ ከሆነ የሚያህለው የለም። ልክዎ ካልሆነ ግን ጠርዝዎን ልጦ ባዶውን ይሽከረከራል። የእኔ ምርጫ ባለ ሦስት ጣቱ ነው፦ እርስዎ በተጋተሩ ቁጥር ጣቶቹ ይበልጥ ይጨብጣሉ። ለእንደርስዎ ዓይነቱ ግትር የተሠራ ነው።

«ካቻቢቴ ሰካ አድርገህ አሽከርክረዋ!» የሚሉ ጀግኖች አሉ። አውቃለሁ፣ ይሄን ሲሰሙ ደስ ይልዎታል። ምክንያቱም ከላይ ሲያዩዎት ኮስተር ያሉ ቢሆኑም ገላዎ ስስ ላሜራ ነው። ካቻቢቴው ይሸረክትዎታል፣ ዘይቱ ፊት ላይ ይፈሳል፣ መሠረትዎ ግን እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨበጥ ነገር ስለሌለ መሮና መዶሻ ይዞ የመሠረትዎን ጠርዝ ቀስ እያሉ ወደ ግራ መኮርኮም ነው፣ ያውም የሞተሩን ጥርስ ላለመንካት ትንፋሽን ውጦ። ስለዚህ ካቻቢቴ የመጨረሻው መጨረሻ ላይ ነው፣ እሱንም መሃል ለመሃል ሳይሆን ከሚቀመጡበት ቱቦ ራቅ አድርጎ።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ጥፋቱ የብቻዎ አይደለም። ባለፈው የገጠመዎት ጉልበተኛ ጎሚኒዎን ጠብታ ዘይት ሳይቀባ በደረቁ አስቀመጠዎት፤ አልበቃ ብሎት በመፍቻ ጠመዘዘዎት። ጎሚኒው ሞተሩን ከነካ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ 3/4 ዙር ያህል በእጅ ማጥበቅ ይበቃል። ይሄ ደግሞ ምስጢር አይደለም፣ ስንቱ ፊልትሮ ገላው ላይ ተጽፎለት ይመጣል። ማን ያንብበው?

አንድ የመጨረሻ ማሳሰቢያ። ሲወጡ ጎሚኒዎን ይዘው ይውጡ! አሮጌው ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቶ አዲሱ ከተደረበበት፣ ሞተሩ ሲነሳ ዘይቱ በግፊት ተረጭቶ ያልቃል። ይሄን ተንኮልዎን አውቀዋለሁ፣ በጣቴ ዳስሼ ሳላረጋግጥ አዲሱን አላስገባም።

ባለ ሦስት ጣቱ ተዘጋጅቶ እየጠበቀዎት ነው።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለገጠመዎት ጉልበተኛ
ለአዲሱ ፊልትሮ (ጎሚኒው ተቀብቷል፤ የሥራ ዘመኑም ከወዲሁ ተነግሮታል)