ሰማያዊ እርሳስና ቀይ እስክሪብቶ

ለንደን ሃያ ዓመት ስኖር ብሪቲሽ ላይብረሪን የማውቀው ከደጁ ነበር። ገብቼ እንዳይ ያደረገኝ የዩና ማርሰን ነገር ነው። ይህች ጃማይካዊት ደራሲ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1936 በስደት እንግሊዝ ሳሉ ጸሐፊያቸው ሆና አገልግላለች፤ ጄኔቭም አብራቸው ሄዳለች። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ «አት ዋት ኤ ፕራይስ» የተባለው ተውኔቷ ለንደን ውስጥ ስካላ ቲያትር ታይቶ ነበር። ጽሑፉ ዛሬም አለ። ያቆየልን ሳንሱሩ መሆኑን ስሰማ ግን ማመን አቃተኝ።

እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1737 ጀምሮ አዲስ ተውኔት መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ሎርድ ቻምበርሌን ለሚባለው የቤተ መንግሥት ሹም ቀርቦ ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። መርማሪው ያነባል፣ ያስከፍላል፣ በኋለኛው ዘመን ደግሞ ያልወደደውን በሰማያዊ እርሳስ ይሰርዛል። ጽሑፉን ግን አይጥልም። እስከ 1824 የነበሩትን ጽሑፎች ጆን ላርፐንት የተባለው መርማሪ የግሉ አድርጎ ይዟቸው፣ ከሞተ በኋላ ተሸጠው ዛሬ ካሊፎርኒያ ሀንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። (የመሥሪያ ቤት ፋይል ቤቱ የሚወስድ ሹም እኛ ዘንድ ብቻ ያለ ይመስለኝ ነበር።) ከዚያ ወዲህ እስከ 1968 ያሉት ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። በዚያው ዓመት ሳንሱሩ በሕግ ሲሻር እንኳ ቅጂ የማስገባቱ ግዴታ አልተሻረም።

የንባብ ክፍሉ እስክሪብቶ ይዞ መግባት አያስፈቅድም፤ እርሳስ ብቻ። በሰማያዊ መስመር ሥር የተሰረዘው ቃል እንደ ልብ ይነበባል። ሳንሱርን ላመሰግን አልተነሣሁም፤ ስንት ደራሲ ያስለቀሰ ሥርዓት ነው። ሲሰርዝ ግን የሰረዘውን አስቀምጧል።

እኛ አገር የዘመናዊው ተውኔት ታሪክ ራሱ በእገዳ ይጀምራል፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከልክላለች። እኔን የሚቆጨኝ ግን ስሟ ያልታወቀ አንዲት የቀበሌ ኪነት ተውኔት ናት። በደርግ ጊዜ አጎቴ ዳኛ ሆነው ይጫወቱባት ነበር። ጽሑፉ በሁለት ቅጂ ተመትቶ ለምርመራ ገባ። አንዱ የተከሳሹ ገጾች በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘውበት፣ በየገጹ ማኅተም ተመትቶበት ተመለሰ። ሌላው «ለፋይል» ተባለ። የተመለሰው በእጅ ብዛት አልቆ ጠፋ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ አጎቴ የፋይሉን ቅጂ ፍለጋ ሄዱ፤ ዘበኛው፣ ቢሮው ሲዛወር አሮጌ ወረቀት ሁሉ በጭነት መኪና እንደወጣ ነገራቸው።

ባለፈው እሑድ ደውዬ ስለ ለንደኑ ማኅደር ስነግራቸው ድምፃቸውን ጠረግ አደረጉና የዳኛውን ቃለ ተውኔት ጀመሩልኝ። አንድም ቃል አልሳቱም። «ተከሳሽ፣ ምን ትላለህ?» አሉና ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ «አጎቴ?» አልኩ።

«አለሁ። እዚህ ላይ እሱ ይመልስ ነበር» አሉኝ። «ምን እንደሚል ግን ረሳሁት።»